በሰሌዳው ላይ ስለምትስቀው እህቴና ስለ ተቆለፈችው ጀልባ

ለሐይቅ ደሴቶች ቅርስና ቱሪዝም ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ካዛንቺስ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከነቤተሰብዎ፣ ከነጸሐፊዎ፣ ከነስብሰባዎ ደህንነትዎን እመኛለሁ። እኔ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ትውልዴ ግን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካለች ትንሽ ደሴት የሆነ ገበያው የተባልሁ ሰው ነኝ። ከቢሮዎ ፊት ለፊት በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የደንገል ታንኳ እየቀዘፈች የምትስቀው ሴት ታናሽ እህቴ መነን ናት። ከሥሯ «ማዕበል የማይበግራት የጀግኖች ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ ክብሩ ቤተሰባችን በሙሉ እጅ ይነሣል፤ ቅሬታዬን ግን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ፎቶ አንሺዎችዎ በመጡ ጊዜ መነን የያዘችውን ቢጫ ጀሪካን «ለታሪካችን አይመጥንም» ብለው አስጥለዋታል። ደሴቲቱ የቧንቧ ውሃ ስለሌላት ጀሪካኑ የታሪካችን ዋና ክፍል መሆኑን ቀድሜ ሳላስረዳዎ መቅረቴ የኔ ጥፋት ነው።

፪ኛ፦ ለጎብኚዎች ያስመጧት ባለ ሞተር ጀልባ በባንዲራ አጊጣ ስትመረቅ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ አጨብጭቧል። እርስዎም «ይህች ጀልባ የእናንተ ናት» አሉን። አመንንዎት፤ ይቅር ይበሉን።

፫ኛ፦ ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት መነንን ምጥ ያዛት፤ ልጁም አልወለድ አለ። ባሏ ነጋሳ ሮጦ ቁልፉን የያዘውን የጀልባዋን ጥበቃ ወደ ማዶው ሐኪም ቤት እንዲያሻግራት ቢለምነው «ያለ ዋናው ቢሮ ትእዛዝ ጀልባዋን አላስነሳም፤ እንጀራዬ ነው» አለው። ነጋሳ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። የምሰፋውን ሱሪ ከነመርፌው ጥዬ ካዛንቺስ ድረስ በሩጫ መጣሁ።

ጸሐፊዎ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። «ስለ ደሴቶች ቀን ዝግጅት እየተሰበሰቡ ነው፤ ማቋረጥ አይቻልም» አለችኝ። «እህቴ እየሞተች ነው! ያቻት፣ በመስኮቱ የምትታየው እሷ ናት!» ብዬ ሰሌዳውን ጠቆምኋት። አየቻት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ እርስዎ ገብታ ወጣችና ቀስ ብላ «ማመልከቻ ጽፎ ይተው ብለዋል» አለችኝ። ጻፍሁ። ከሩጫው የተነሣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ስለነበር ጽሑፌ ባለማማሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ስጽፍ ነጋሳና ጎረቤቶቹ ሁለት ታንኳ አንድ ላይ አስረው፣ መነንን አስተኝተው መቅዘፍ ጀምረው ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ባለ ሞተሯ በአንድ ሰዓት የምትጨርሰው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀባቸው። ሐኪሞቹ እህቴን አተረፏት፤ ልጁን ግን በነጠላ ጠቅልለው ለነጋሳ ሰጡት። ወንድ ነበር። ስም እንኳ አልወጣለትም።

መነን አሁን ለሕክምና እኔ ዘንድ ናት። ትናንት ታክሲያችን በቢሮዎ በር ሲያልፍ ቀና ብላ አየችና «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ምንድን ነው የሚያስቃት?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳው ይውረድ አልልም፤ ቀለሙ ያምራል። ተንበርክኬ የምለምንዎ አንዲት መስመር ነው፦ የታመመ ሰው ሲመጣ ይሻገር ብለው ለጥበቃው ይጻፉለት። ማኅተሙ ስብሰባ ላይ ከሆነ ፊርማዎ ብቻ ይበቃናል።

ደሴታችንን ከፍ አድርገው ስለ ሰቀሉልን፣ ሰዎቿንም ከነበሩበት ንቅንቅ እንዳይሉ ስለ ጠበቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜ ይስጥዎ፤ በሄዱበት ሁሉ በሩ ክፍት ይሁንልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ልብስ ሰፊው ገበያው
ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የነጋሳ ጎረቤት አይናለም ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሐይቁን ለመሻገር መጀመሪያ ፎቶ መነሣት ግድ ከሆነ፣ ቀሚሷን አጥባ እየጠበቀች ነው።