ጫጫታ ያልነው ሞገድ

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

ከስድስት ዓመት ዝምታ በኋላ ጤናሽን ስጠይቅ እጄ ይከብደኛል። እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ? እናትሽ እትዬስ ዛሬም ስልክ ሲያነሱ ጎረቤት ይሰማል? ተማሪዎችሽ ይፈሩሻል ሲሉኝ ሳቅሁ። አንቺ እንኳን ሰው ልትቆጪ፣ የቢሯችንን በረሮ ይቅርታ ጠይቀሽ ነበር የምታስወጪው።

እኔ ደህና ነኝ ልበል። አሁንም እዚያው ክፍል፣ የማይዘጋው መስኮት ሥር ነኝ። ወንበርሽ ላይ ማተሚያ ማሽን ተቀምጦበታል።

የጻፍኩልሽ ስለ ሞገድሽ ነው። ሕዋ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ መግነጢሳዊ መስኮች ሲገናኙ መሀላቸው የሚፈጠረውን ያን ስስ የኤሌክትሪክ ንጣፍ በኮምፒውተር ስናስመስል፣ አንቺ ከመቀደዱ በፊት እንደተሰጣ አንሶላ ይርገበገባል አልሽ። ኮስታራው መምህራችን አላመኑም። ስሌቱ ውስጥ ያስገባናቸው ቅንጣቶች ስላነሱ፣ ስሌቱ ራሱ የፈጠረው ጫጫታ እንጂ እውነተኛ ሞገድ አይደለም አሉ። ቅንጣቶቹን አራት እጥፍ አድርጌ እንድደግመው ለእኔ ሰጡኝ፤ ጫጫታ ከሆነ ይደበዝዛል፣ እውነት ከሆነ ይቀራል። ለሁለታችን የነበረው የሥራ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላነሳነውም።

ማክሰኞ ጠዋት ምን አገኘሽ ሲሉኝ ጫጫታ ነው አልኳቸው። አንቺ እስቲ ልየው ስትዪኝ ደግሞ፣ ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ስሌቱ ሳያልቅ ተቋረጠ፣ እስከዚያ ግን እየደበዘዘ ነበር አልኩሽ። አመንሽኝ። ዕቃሽን ስትሸክፊ ካርቶኑን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ሌሎች ሰዎች ያንኑ ሞገድ አግኝተው አሳተሙ። ኮስታራው ወረቀቱን ይዘው መጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉና፣ ያቺን ልጅ የበደልኳት እኔ ነኝ ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሽማግሌው የእሳቸው ያልሆነ ጸጸት ተሸክመው ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ። በራሴ አፍራለሁ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ነገ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ለበረሮ እንኳ የምትራሪ ሰው ስለሆንሽ፣ ቶሎ ይቅር ብትዪኝስ ብዬ እፈራለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ፍላሽ አለ። ያ ስሌት ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሞገድሽ ጥርት ብሎ ይታያል። ስምሽን ጽፈሽ ለፈለግሽው አሳዪው። ከመክፈትሽ በፊት ግን ስሌቱ ያለቀበትን ቀን ተመልከቺ። ሰኞ ነው።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የምታምኛቸውንም ሰዎች የሚታመኑ ያድርግልሽ።

አብሮ አደግሽ የነበርኩት