ተራህን ጠብቀህ የመጣህ ዕለት

አባባ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ እንዳይመስልህ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ነው። ወረቀት ዓይን የለውም ብዬ ዛሬ ደፈርኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፣ ያው ጉልበቷን ያማታል። በራችን ላይ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈ። በየክረምቱ ጭቃው ላይ ስታወርደው የነበረው እርግማን ሥራውን ሠራ መሰለኝ። መናኸሪያ በአንተ ቦታ አንድ ወጣት ተራ አስከባሪ ገብቷል። ፊሽካውን ቀኑን ሙሉ ሲነፋ ይውላል፣ ረዳቶቹ ግን ይስቁበታል። አንተ ቀና ብለህ ካየሃቸው ይበቃቸው ነበር። እማዬ አሁንም የወንድሜን የጀማልን ስልክ ትጠብቃለች። መብራት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድማ የምትሰካው ቻርጀሯን ነው። ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ስለጠፋ፣ ስሙን ቤት ውስጥ ማንሳት የተውነው ለእሷ ብለን ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ሳታነሳው አታድርም፤ ዝም ያልነው እኛ ነን።

የምክር አገልግሎት ማስተርሴን ልማር ዩኒቨርሲቲ ስሄድ መናኸሪያውን እንዴት እንዳደረግከው ታስታውሳለህ? ልጄ የጭንቀት ሐኪም ልትሆን ነው እያልክ ለሾፌሩም ለሎተሪ አዟሪውም ነገርክ። ለዕረፍት ስመጣ የምለማመደው በአንተ ላይ ነበር። አማካሪ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ማለት አለበት ተብለናል። አንተ ወገቤን አመመኝ አልክ፣ እኔ ወገብህ እያስቸገረህ እንደሆነ ገባኝ አልኩ። አሁን እኮ ነገርኩሽ፣ ሁለት ዓመት የሚያስተምሯችሁ ይህንን ነው ወይ ብለህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ።

ሌላም ብዙ ተምረናል፣ አባባ። ሦስት ሦስት ሆነን አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ታዛቢ እየሆንን እንለማመድ ነበር። ወንበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ መሆን አለበት፤ ለእሱም ነጥብ ነበረው። ስለ ሐዘን ብቻ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስደን ኤ አመጣሁ። በሥነ ምግባሩ ኮርስ ደግሞ አማካሪ የራሱን ዘመድ እንደማያማክር ተማርን። እሱንም ኤ አመጣሁ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ወደ ከተማችን ወደ ሆሳዕና ተመልሼ የአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር። የቢሮዬን በር ስከፍት አረንጓዴ ካፖርትህን ለብሰህ ተማሪዎቹ መካከል አግዳሚው ላይ ተቀምጠሃል። ወላጅ አምጣ የተባለው ማነው እያሉ ይሳሳቃሉ። አባቷ ነኝ ብለህ ቀድመህ መግባት ስትችል ከአራት ልጆች ኋላ ተራ ያዝክ። ልትቀድም የሞከረችውንም ልጅ ወደ ቦታዋ መለስካት። ቁጭ ብለህ የጠበቅከው አንድ ሰዓት ይሆናል።

ተራህ ደርሶ ገባህ። ሰያፉ ወንበር ላይ ተቀመጥክ፣ ኮፍያህን አውልቀህ ጉልበትህ ላይ አደረግክ። እኔ አልተቀመጥኩም። ምን ሆነህ ነው አላልኩህም። ዘመድ ማማከር በሙያችን ክልክል ነው አልኩህ፣ ቆሜ። ከዚያ አብራኝ የተማረችውን፣ ሀደሮ የምትሠራውን የአስቴርን ስምና ስልክ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁህ። አራት ቦታ አጥፈህ ኪስህ ከተትክና ሕግ ከሆነማ ሕግ ነው ብለህ ወጣህ። ዕድሜህን በሙሉ ሕግ ስታስከብር የኖርክ ሰው ነህና አልተከራከርከኝም።

እውነቱን ልንገርህ። ሕጉ አታማክሪው ይላል እንጂ አባትሽን ምን ሆነህ ነው ሳትይ ከበር መልሺው አይልም። ያን ዕለት የዞን ኃላፊዎች የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱን ሊገመግሙ መጥተው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ግቢ ውስጥ ይዞሩ ነበር። አንገትህ ላይ ፊሽካው ተንጠልጥሏል። ካፖርትህ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አፈርኩብህ፣ አባባ። በሰበብ ያስወጣሁህ አፍሬብህ ነው። አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ ምሳ በልተሽ ነበር ወይ ብለህ ጠየቅከኝ።

አስቴር ለቅሶ ልትደርስ ከሀደሮ መጥታ ነበር። የባልደረባ አባት ሞተ ብሎ ሰው እንዲያ አያለቅስምና አለቃቀሷ ገረመኝ። ስትሄድ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስልሽ ወደ ቢሮዬ ነይ አለችኝ። በወሩ ሄድኩ። የባለጉዳዩ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ለእኛ አዲሎ ያለ ዘመድ ልጠይቅ ነው እያልክ አምስት ጊዜ እሷ ጋ እንደሄድክ ያን ቀን ሰማሁ። ከሞትኩ በኋላ ለልጄ፣ ለእሷ ብቻ ንገሪያት ብለህ ፈቅደህላታል።

ጀማል መንገድ ላይ፣ ድንበር ሳይሻገር ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ተመልሶ ከአውቶቡስ ሲወርድ እዚያው መናኸሪያ ነግሮህ፣ ለማንም አትንገር ብለህ አስምለኸዋል። ይህን ይዘህ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረብክ። አስቴርን የጠየቅካት፣ ከእሷ በፊት እኔን ልትጠይቀኝ የመጣኸው፣ አስከሬን የሌለው ልጅ መርዶ ለእናት እንዴት ይነገራል ብለህ ነበር። በዕድሜህ ተራ ያዛባኸው አንድ ቀን ነው፤ ጀማል የሚሄድ ዕለት ሰው አስነስተህ የፊቱን ወንበር ሰጠኸው። በእጄ ነው ያስቀመጥኩት እያልክ ታለቅስ ነበር አለችኝ።

አስቴር የከምባታ ልጅ ናት፣ ሀዲይኛ አትሰማም። የአንተ አማርኛ ደግሞ ለመጥራት፣ ለማሰለፍና ለመቆጣት የሚበቃ የመናኸሪያ አማርኛ ነበር። የልጅህን ሞት በእሱ ነገርካት። በአፍ መፍቻ ቋንቋህ የምትሰማህ ልጅ እያለችህ፣ ቃል እየጎደለህ።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። እኔም ይኸው ሰባት ወር ይዤዋለሁ። ቀን የሰውን ልጆች አይዟችሁ፣ አውጡት እላለሁ፤ ማታ ገብቼ እማዬ ስልኩ ሞልቷል ወይ እዪልኝ ስትለኝ ሞልቷል እላለሁ። በአንተ መፍረድ አልችልም። አንተ ቢያንስ ተራ ይዘህ ሰው ጠይቀሃል።

ትናንት የሰፈር ሽማግሌዎችን ሄጄ አነጋገርኩ። ዓርብ ንጋት ላይ ይመጣሉ። እኛ እንናገራለን፣ አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ያዣት አሉኝ። እምቢ አልኩ። እናንተ ተቀመጡልኝ እንጂ የምናገረው እኔ ነኝ አልኳቸው፣ በሀዲይኛ።

አባባ፣ አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ይለዋል። እኔ የማስብህ ሳላሳምርህ፣ ራሴንም ሳላሳምር ነው። ዓርብ የጀማልን ከነገርኳት በኋላ አባትሽስ ያውቅ ነበር ወይ ማለቷ አይቀርም። ያውቅ ነበር እላታለሁ። ለምን ብቻውን ያዘው ትለኛለች። ብቻውን አልያዘውም፣ እማዬ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ይዞት መጥቶ ነበር እላታለሁ።

ልጅህ ፋጡማ