ሁለቱ አጥሮችና የቀለሟ ማዕዘን

ለተወደድከው ልጄ ለትግሉ፤

ስንቄን ተሸክሜ ከአኖ ነቀምቴ በእግሬ ስመላለስ፣ በጠጠር ላይ ተንበርክኬ ጂኦሜትሪ ስማር፣ ኋላም ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ አንድም ቀን አቤት አላልኩም። የሰሞኑን ግን ለአንተ ካልነገርኩ አላስችል አለኝ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የባለቤትህ የሕብረትስ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? እኔና እናትህ፣ ከጉልበቴና ከክብሬ በቀር፣ ደህና ነን።

በክረምቱ አጥራችንን በገዛ እጄ አድሼ ተክዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎረቤታችን የዋጋሪ ባጃጅ በሁለታችን አጥር መካከል ባለው መተላለፊያ ሰተት ብሎ ይገባና፣ ደጃፉ ሊደርስ ሲል ይቀረቀራል። እኔም ባጃጅህ ወፍሯል አልኩት። እሱ ደግሞ፣ «ኦቦ ወልደገብርኤል፣ ባጃጅ ይወፍራል እንዴ? አጥርዎ ነው የተጠጋን» አለኝ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። አጥሮቹ ትይዩ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ፤ ካልሆኑ የእኔን በእጄ እነቅላለሁ ብዬ ማልኩ።

ሁለቱን አጥሮች የሚያቋርጥ ገመድ ወጠርኩ። ገመዱ ከሁለቱም ጋር በተመሳሳይ ቦታ የሚሠራቸው ተጓዳኝ ማዕዘኖች እኩል ከሆኑ አጥሮቹ ትይዩ ናቸው ብዬ ሽማግሌዎቹን አስረዳሁ። በትልቁ የእንጨት ፕሮትራክተሬ አንዱን ለካሁ፤ ሰባ ዲግሪ። ሌላውንም ለካሁ፤ ሰባ። «አበቃ!» አልኩ።

ይሄኔ የዋጋሪ ሚስት ቀለሟ፣ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት፣ «ባርሲሳ፣ መምህሬ፣ ሁለቱንም የለኩት እኮ በራስዎ አጥር ላይ ነው! ሁለት መስመር ሲቋረጥ ፊት ለፊት የሚተያዩት ማዕዘኖች መቼም እኩል ናቸው። በዚሁ ስህተት አይደል እንዴ እኔን ያንበረከኩኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ከተኳረፍን ወዲህ የዋጋሪን አጥር ላለመንካት ቆርጬ ነበርና እጄ ወደዚያ አልሄደም። ፕሮትራክተሩን ተቀብላ በእነሱ በኩል ለካች፤ ስድሳ ስድስት! የእነሱ አጥር ሃያ ዓመት ካለበት አልተነቃነቀም፤ የተጣመመው የማን እንደሆነ አንተው ፍረድ። የሽማግሌዎቹ ሳቅ አኖ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ማክሰኞ አጥሬን ነቀልኩ። ዋጋሪ አብሮኝ ቆፈረ፤ ቀለሟ ማዕዘኑን እየለካች ምሰሶ በምሰሶ አረመችኝ። ሲያልቅም «ጎበዝ» አለችኝ፤ እኔ ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ያላልኳትን ቃል።

ለሕብረት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የልጅ ልጄን ቲቲን ጉንጯን ሳምልኝ። እናትህ ባዩሽ እየሳቀች ሰላም ብላሃለች። ዋጋሪም በባጃጁ እደጃፉ ድረስ ገብቶ ሰላም ብሎሃል።

ለአንተ አወርሰዋለሁ ያልኩህን ፕሮትራክተር ለቀለሟ አውርሻለሁ። ለአንተ ገመዱ ይድረስህ።

አባትህ ወልደገብርኤል
ነቀምቴ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.