እማዬን የቀበርህበት ድርሰት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለማሙሽ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገቤን ያመኛል ያልኸው ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ስህተት ስለቅም ዓይኔ ደከመ እንጂ። እማዬም አለች። አለች ማለቴ ትተነፍሳለች፣ ትቆጣለች፤ ከአልጋ ግን አትወርድም።

ያለ ርኅራኄ አርሚልኝ ብለህ የላክኸው ድርሰት ደርሶኛል። እንግዲህ ለምነህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቅደዳቸው። ደመና፣ ነፋስ፣ እንደገና ደመና፤ እናት ታማ ተኝታ አንተ ሰማይ ሰማይ ታያለህ። ልጅየው በየገጹ የሚያለቅሰውንም ሰርዝ። እሱ ሁሉንም አልቅሶ ከጨረሰው ለአንባቢው ምን ቀረለት? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያንተ ግን ከብዕር ነው የሚወርደው።

እናትየው ደግሞ ልትሞት ስትል ገጽ ሙሉ ትመክራለች። አያልቅብህ! የሚሞት ሰው አፉ ይደርቃል፣ ማሙሽ። የእኛዋ ትናንት ስትለምነኝ የዋለችው የእግሯን ጥፍር እንድቆርጥላት ነው። ከአንሶላዋ ሥር ላስቲክ አንጥፈናል፤ በተገላበጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። እሱን ብትጽፍ ሰው ያምንህ ነበር። ያላዩትንም ጠይቆ መጻፍ ይቻላል፤ አንተ ግን ስትደውል የምታወራው ስለ ድርሰትህ ነው።

እህትየዋን ክፉ አድርገሃታል። ይሁን፣ ነኝ። ግን ክፉም ሰው ሥራ አለው፤ ባልዲውን ማን እንደሚደፋ ጻፍ።

ውሸት የሚታወቀው ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው፤ ስለዚህ ለራሷ ለእማዬ አነበብሁላት። በቁሜ ቀበረኝ ብላ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችኝ። ልጅየው ከሩቅ አገር መጥቶ ሬሳዋን የሚሸከምበት መጨረሻው ላይ ስደርስ ድገሚልኝ አለች። ደገምሁላት። እኔ ግን ማንም አያምነውም ብዬ በቀይ ሰርዤው ነበር።

ሐኪሙ ይህን ወር አታልፍም ብሏል። ይህን በስልክ ስነግርህ ድርሰቱን ልጨርስና እመጣለሁ ማለትህን አልረሳሁም።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ልጄም አጎቴ እንዴት ነው ብላለች። እማዬ ሰላምታ አልላከችም። መጨረሻውን ግን አትሰርዢበት ብላኛለች፤ ሲመጣ የማየው እዚያ ላይ ብቻ ነው አለች።

እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን