አባባ ያለፉበት የባሕር ዳር መንገድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኸልፋን፣
ዛንዚባር

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ ወንድምዬ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ምዋጁማና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው የጻፍኩልህ።

የአባባ ጀልባ ባዶዋን ከተገኘች ወዲህ እማማ ሐዘን አልቀመጥም እንዳለች ታውቃለህ። “ሬሳውን ሳላይ ባሌን አልቀብርም፤ መንደር ለመንደር አፈላልጊልኝ” ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ምን ላድርግ? ባለፈው ሐሙስ መኪናዬን አስነስቼ ይዣት ከሱር ወጣሁ። በግራ ተራራው፣ በቀኝ ባሕሩ፤ ውኃው ዝም ብሎ እንደ ዘይት ረግቷል። ማማሩ ራሱ አስጠላኝ።

ቀልሃት መንደር ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ አባባን አይተው እንደሆነ ጠየቅን። “ሑመይድ የሱሩ? ዛሬ ጠዋት በዚህ አልፎ የለም እንዴ! ያ ቀልደኛ፣ ዛሬስ ሰላም ብሎኝ ብቻ አለፈ። ልብሱ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር” አሉን። እማማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። “እንመለስ፣ ቤት ደርሶ ይሆናል” አለች። እኔ ግን የልብሱ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ወደፊት ነዳሁ።

ቲዊ ላይ አንዲት ሴት ከበራፏ ሆና፣ “ትናንት ውኃ ለምነውኝ ጠጡ፣ ጠጡ፣ አልረካ አሉ። የሱር መንገድ በየት ነው ቢሉኝ፣ ምን ነካዎት አባቴ፣ አገርዎ አይደል እንዴ ብዬ ሳቅሁባቸው” አለችን።

ፊንስ ደርሰን የመስጊዱን ኢማም ስንጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ። ባሕር የተፋውን እንግዳ አጥበው፣ ሰግደው መቅበር የመንደሩ ወግ ነው። የአባባን የብር ቀለበት አውጥተው እማማ መዳፍ ላይ አኖሩት። የተቀበሩት ከአርባ ቀን በፊት ነው!

ኢማሙ፣ “ያለፈው አርባ ቀን ይታሰብልሻል፤ ባል የሞተባት ከምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን የቀረውን ብቻ ተቀመጪ” አሏት። እማማም፣ “የለም፣ ትናንት ውኃ ሲጠጣ ታይቷል። ከዛሬ ነው የምቆጥረው” አለች።

አሁን ጌጧን አውልቃ ጓዳ ገብታለች፤ በሐዘኑ ወግ ባዕድ ወንድ አያያትም። ከተመለስን ወዲህ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በራችን ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አባባ ከባሕር ሲመለሱ የሚያደርጉትን ረስተኸው አይሆንም። ከደፉ ሥር ውኃ ይገባል፤ ቀምሼዋለሁ፣ ጨው ነው። እማማ ፊቷን ትሸፍንና፣ “ሞት ለይቶናል፤ ከእንግዲህ ለእኔ ባዕድ ነው። እንዳትከፍቺ!” ትለኛለች። ፈራሁ ወንድምዬ።

ለምዋጁማ፣ ለሙህሲንና ለትንሿ ዘይና ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እማማም ዱዓዋን ልካልሃለች። አንተ ግን ይህ እንደደረሰህ ቶሎ ና። ለእሷ ባዕድ ይሁኑ፤ ለእኔ አባቴ ናቸው። ትናንት በስሜ ሲጠሩኝ እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር።

እህትህ ዙወይና
ሱር፣ ሻዕባን 12 ቀን 1440