የእናቴ ድምፅ በመኪናችን ቴፕ

ቂርያት ጋት፣ ማክሰኞ ኅዳር 15 ቀን 1985

ዛሬ እናቴ ድምፅዋን ቀድታ ከጎንደር የላከችው ካሴት ደረሰኝ። ቤት ውስጥ ቴፕ ስለሌለን ከባለቤቴ ከአስናቀች ጋር ከቢንያናችን፣ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር የቆመችው አሮጌ መኪናችን ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ ከፈትነው። እናቴ የጎረቤቱን ሁሉ ወሬ ስታወራልን ቆይታ ድምፅዋ ድንገት ወፈረ፤ ተጎተተ። ምን እንደምትል እንኳ አልሰማ አለኝ።

«ታማለች! ደብቃኝ ነው!» ብዬ እንባዬ መጣ።

አስናቀች ግን የቴፑ መብራት መደብዘዙን አይታ፣ «እሷ ምንም አልሆነች፤ የደከመው ባትሪው ነው። በል ሞተሩን አስነሳ» አለችኝ።

ሞተሩ እያቃሰተ ተነሳ። መብራቱም ደመቀ። እንዴት ያለች ሴት ናት! ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው። ያ የተጎተተው ቃል አሁን ጥርት ብሎ መጣ፦

«ልጄ፣ መደንገጥ ትወዳለህ። አስናቀችን ስማት።»