የሳፔት መራራ ሥር

ሐሙስ፣ ጁላይ 16
ዝናብ። ልብሱን ቤት ውስጥ ሰቀልኩት። አዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ድዴን ልጦታል… ዳቦ በሾርባ እየነከርኩ ዋልኩ። የቅድስት ሐና በዓል ደርሷል። በዚህ አፍ ነው የምዘምረው?

ዓርብ፣ ጁላይ 17
ቁስሉ ወደ ምላሴ ዞረ። የሐኪሙ ቅባት ምንም አልፈየደ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዓሉን በእኛ በሚክማቆች ቋንቋ እየዘመርኩ የምከፍተው እኔ ነኝ። ካልቻልኩ ቦታው የሳፔት ነው፣ የባሌ እህት። ስንት ዓመት ስትቋምጥ! እናቴ ብትኖር ያችን የወርቅ ክር የምንላትን ቅጠል ሥሯን ታሳኝከኝ ነበር። የት እንደምትበቅል አሁን ማን ያውቃል? ሳፔት ብቻ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለምናትም።

እሑድ፣ ጁላይ 19
ለመንኳት።
በሯ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩላት። ሳቀች፣ የተረገመች። "አንቺም ዝም የምትይበት ቀን መጣ በይኛ!" ከዚያ ግን ቦቲዋን አጠለቀች።
ረግረጉ ትንኝ በትንኝ። ከጥዶቹ ሥር ሦስት ሦስት የሆነች፣ የምታብረቀርቅ ትንሽ ቅጠል። ልነቅል ስል እጄን መታችኝ። ለካ ረስቼዋለሁ… መጀመሪያ ያገኟት አትነካም፣ ለዘር ትቀራለች። ለምስጋና አጠገቧ ትምባሆ አኖርን። ከሌሎቹ ጥቂት ጥቂት በጣታችን ሳብን። ሥሩ ቢጫ፣ የስፌት ክር የሚያህል።
ለምን እንደምትረዳኝ ጠየቅኳት።
"አፍሽ ቆስሎ ቦታሽን ብወስድ ምን ይጣፍጠኛል? ዳኚና ልብለጥሽ።"

ሰኞ፣ ጁላይ 20
እንደ ሐሞት ይመራል። አኘክሁት፤ ቀቅዬም ተጉመጠመጥኩበት። ሳፔት የልጅ ልጇ ጥርስ ሲያወጣ ድዱን በዚሁ ነው የምታሸው። እኔም በስተርጅና ጥርስ እያወጣሁ አይደል?

ሐሙስ፣ ጁላይ 23
የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። በጥርሴ! ቁስሉ የት ገባ?

እሑድ፣ ጁላይ 26
ዘመርኩ! እንዴት አድርጌ… ድምፄ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ አልፎ ባሕሩ ዳር ደርሷል፣ ጀልባ ላይ የነበሩት ሰምተናል ብለዋል። ደስ አለኝ፣ ደስ አለኝ። ሳፔት ከሁሉም በላይ እየጮኸች ትቀበለኝ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "የዛሬ ዓመት አታመልጪኝም" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 29
ሳፔት ጉሮሮዋ ተዘጋ። ስትጮኽ ውላ ምን ትሁን! ብቻዬን ወደ ረግረጉ ወረድኩ። የመጀመሪያዋን አገኘኋት። ትምባሆ አኖርኩላትና አለፍኳት፤ ከወዲያኞቹ ሳብኩ።
በሯ ላይ ስደርስ እኔ ነበርኩ የምስቀው።
"አፍሽን ክፈቺ" አልኳት። "ዳኚና ልብለጥሽ።"
ድምፅ የላትም… ጫማዋን ወረወረችብኝ።